ያማረው ፊደል አናባቢውን ሲውጠው፦ «አቢሲኒካ» በጥሪ ካርድና በምስክር ወረቀት ላይ

በቅርቡ የደረሳችሁን የሠርግ ጥሪ ካርድ እስቲ አውጡና እዩት። የሙሽሮቹ ስም በእንግሊዝኛም ተጽፎ ከሆነ፣ ፊደሎቹ እንደ ሐረግ የሚጠማዘዙ፣ አንዱ የሌላውን እጅ ይዞ የሚሄድ ዓይነት ሳይሆኑ አይቀሩም። ከሥሩ ያለው አማርኛስ? ብዙ ጊዜ ከቢሮ ደብዳቤ ላይ የተነሳ የሚመስል ፊደል ነው፤ ወይም እሱኑ ኮምፒውተሩ በግድ አጋድሞታል፣ ወይም በግድ አወፍሮታል፣ ወይም ዙሪያውን ወርቃማ መስመር አልብሶታል። እዚህ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ ከጎፋ እስከ ጀሞ ባሉት ማተሚያ ቤቶችና የማስታወቂያ ሥራ ሱቆች ደጃፍ የሚታየው ናሙና ይሄው ነው። ዲፕሎማውም፣ የምስጋና ምስክር ወረቀቱም፣ የምረቃ ባነሩም ያው።

«ለምን?» ብላችሁ ስትጠይቁ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ «የአማርኛ ቆንጆ ፎንት የለም»። እኔ በዚህ አልስማማም። በነፃ የሚገኝ፣ ከብራና ጽሕፈት ልማድ የተቀዳ ፎንት አለ፤ አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል ይባላል። በዚህ ጽሑፍ እሱን ከመጽሐፍ ገጽ አውጥቼ ክብር ያለበት ቦታ ላይ፣ ማለትም በጥሪ ካርድ፣ በዲፕሎማና በትልልቅ ርዕስ ላይ አስቀምጬ እገመግመዋለሁ። ግምገማው የመሐንዲስ ነው፤ «ያምራል፣ አያምርም» በሚል ብቻ አያበቃም። ምክንያቱም በእኛ ፊደል ላይ ውበት የሚመጣበት ቦታና ንባብ የሚበላሽበት ቦታ አንድ ነው። እሱም ቀጭኑ መስመር ነው።

ብርዕ የሚያውቀው ሒሳብ

ቁም ጸሐፊ ከመቃ ወይም ከሸምበቆ የሚቀርጸው ብርዕ አፉ ጠፍጣፋ ነው። ጠፍጣፋ አፍ ያለው መጻፊያ አንድ ባሕርይ አለው፤ ጸሐፊው ሳይጫን፣ ሳይለቅ፣ እጁን በአንድ ማዕዘን ብቻ ይዞ ቢጽፍ እንኳ የመስመሩ ውፍረት እንደ አቅጣጫው ይለዋወጣል። ቀመሩ ሁለተኛ ደረጃ ከተማርነው ትሪጎኖሜትሪ አያልፍም፦

የመስመሩ ውፍረት = የብርዑ አፍ ስፋት × ሳይን (በመስመሩ አቅጣጫና በብርዑ አፍ መካከል ያለው ማዕዘን)

ለምሳሌ የብርዑ አፍ ከአግድም በ20 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ተያዘ እንበል። ቁልቁል የሚወርደው ቋሚ መስመር ከአፉ ጋር 70 ዲግሪ ይሠራል፤ የ70 ዲግሪ ሳይን 0.94 ስለሆነ መስመሩ የብርዑን ስፋት ከሞላ ጎደል ያህላል። አግድሙ መስመር ግን የሚያገኘው የ20 ዲግሪን ሳይን፣ 0.34ን ነው። ስለዚህ ቋሚው ከአግድሙ ወደ 2.7 እጥፍ ይወፍራል። ማዕዘኑ 30 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ ወደ 1.7 እጥፍ ይወርዳል፤ 10 ዲግሪ ቢሆን ወደ 5.7 ይወጣል። በብራና ላይ የምናየው ያ የረጋ፣ እግሩን የተከለ የፊደል መልክ፣ ወፍራም ቋሚና ቀጭን አግድም፣ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብርዑ ወረቀቱን ነክቶ ወዲያው ቢነሳ እንኳ የአፉን ስፋት የሚያህል ምልክት ጥሎ ይነሳል። ማለትም ጠፍጣፋ ብርዕ የያዘ ጸሐፊ፣ ቢፈልግም እንኳ፣ ከተወሰነ መጠን ያነሰ ጭረት መሥራት አይችልም። መሣሪያው ራሱ የውፍረትና የርዝመት ወለል አበጅቶለታል። ኮምፒውተር ግን ወለል የለውም። መስመርን ፀጉር እስኪያክል፣ ከፀጉርም በታች እስኪሆን ማቅጠን ይቻላል።

እነሱ የሚያስጌጡበትን እኛ እናነብበታለን

የእንግሊዝኛው ጥምዝ ፊደል የመጣው ከሌላ መሣሪያ ነው፤ ሹልና ተጣጣፊ ከሆነ የብረት ብዕር። እዚያ ውፍረት የሚመጣው ከአቅጣጫ ሳይሆን ከግፊት ነው፤ ሲጫኑት ይወፍራል፣ ሲለቁት ፀጉር ያክላል። ብዙ ካርዶች ላይ የምታዩት ኤድዋርዲያን ስክሪፕት፣ ኤድ ቤንጊያት እ.ኤ.አ. በ1994 የነደፈው፣ የዚያ ልማድ ልጅ ነው። እዚያ ፀጉር የሚያካክሉት መስመሮች የሚሠሩት ሥራ በአብዛኛው አንዱን ፊደል ከቀጣዩ ማያያዝና ማስጌጥ ነው። አንድ ሁለቱ በኅትመት ቢጠፉ ቃሉ ውበቱ ይጎድላል እንጂ ሌላ ቃል አይሆንም።

የእኛን ደግሞ እንይ። ከግዕዝ ወደ ካዕብ ስንሄድ ብዙ ጊዜ የምንጨምረው በስተቀኝ በኩል ወገብ ላይ አንዲት አጭር አግድም ጭረት ነው፦ ለ፣ ሉ። ሣልስ ላይ ያቺው ጭረት ወደ እግር ትወርዳለች፦ ሊ። ኃምስ ላይ እግር ሥር ቀለበት ትሆናለች፦ ሌ። ከሕጉ የወጡ ፊደላት እንዳሉ ሆነው፣ ዋናው አሠራር ይሄ ነው። አሁን ቀመሩን አስታውሱ፤ አግድም መስመር ማለት ቀጭን መስመር ማለት ነው። ስለዚህ በፊደላችን ውስጥ አናባቢውን የተሸከመው ከሁሉ ቀጭኑ መስመር ነው።

ይህ የቲዎሪ ወሬ እንዳይመስላችሁ ሁለት ስሞችን ጎን ለጎን አስቀምጡ፦ በለጠ እና በለጡ። የመጀመሪያው የወንድ ስም ነው፤ ሁለተኛው የሴት። ልዩነታቸው በመጨረሻው ፊደል ወገብ ላይ ያለችው አንዲት ጭረት ብቻ ናት። ያቺ ጭረት ከጠፋች ዲፕሎማው ላይ የቆመው ሌላ ሰው ነው። የትምህርት ማስረጃና መታወቂያ ተነጻጽረው «ስሙ አይመሳሰልም» ሲባል ምን ያህል ደጅ እንደሚያስጠና ያየ ሰው፣ ነገሩ የቁንጅና ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል።

የጽሕፈት መኪና ዘመን ይህን እውነት በደንብ አጋልጦት ነበር። የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ሲነሳ የኢንጂነር አያና ብሩ ስም አብሮ ይነሳል፤ ፊደሉን በጥቂት ቁልፍ ማስገባት ከባድ የምሕንድስና እንቆቅልሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሥራ ላይ በዋሉት መኪኖች ብዙው ፊደል በሁለት ምት ነበር የሚጻፈው፤ መጀመሪያ መሠረቱ፣ ቀጥሎ የአናባቢው ጭረት። የተመታው ደብዳቤ አያምርም ነበር፤ ጭረቷ አንዳንዴ ከአካሉ ተነጥላ ትቆማለች። ግን አትጠፋም፤ ለብቻዋ ስለተመታች ከሌላው እኩል ውፍረት ነበራት። አናባቢዋ የራሷ ክፍል መሆኗን መኪናው ያውቅ ነበር ማለት ይቻላል።

ጭረቷ መቼ ትጠፋለች?

እስቲ ቁጥር እናስገባ። ዲፕሎማ ላይ ስም የተጻፈበት ፊደል ቁመቱ 6 ሚሊሜትር፣ ቋሚ መስመሩ 0.6 ሚሊሜትር ነው እንበል። በ20 ዲግሪው ብርዕ ስሌት አግድሙ ወደ 0.22 ሚሊሜትር ይመጣል። አንድ ነዳፊ ግን «ይበልጥ ይራቀቅ» ብሎ ልዩነቱን 10 እጥፍ ቢያደርሰው አግድሙ 0.06 ሚሊሜትር ይሆናል።

በ300 ነጥብ በኢንች ስካን የሚያደርግ መሣሪያ አንዱ ፒክስሉ 25.4 ሲካፈል ለ300፣ ማለትም ወደ 0.085 ሚሊሜትር ነው። የመጀመሪያው ጭረት ከሁለት ፒክስል በላይ ይይዛል፤ ይተርፋል። ሁለተኛው አንድ ፒክስል እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ መሣሪያው የሚያየው ግራጫ ነገር ነው። በጥቁርና ነጭ ፎቶኮፒ ሲያልፍ ግራጫው ወደ ነጭ ሊሄድ ይችላል፤ በለጡም በለጠ ሆና ትወጣለች። ይህ ስሌት እንጂ የተለካ ውጤት አይደለም። ግን አቅጣጫውን ያሳያል፤ ወረቀቱ ኮፒ፣ ከዚያ የኮፒ ኮፒ፣ ከዚያ በስልክ ተነስቶ በቴሌግራም የተላከ ምስል ሲሆን ደግሞ እየባሰ ይሄዳል።

አቢሲኒካ ሲመዘን

በዚህ ሚዛን አቢሲኒካ ጥሩ ውጤት ያመጣል፤ ምስጋናውን አልነፍገውም። ቋሚዎቹ ጠንካራ ናቸው፣ አግድሞቹ ቀጭን ቢሆኑም ልክ አላቸው። የብርዕ ማዕዘን ከአናቱም ከእግሩም ይታያል። ፊደሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ለመራቀቅ ብሎ አይዘምም። የካዕብና የሣልስ ጭረቶቹ አጭር ቢሆኑም ዓይን አይስታቸውም። ክብር ያለው ነው፤ በተለይ ረዘም ላለ ጽሑፍ፣ ለምሳሌ በካርዱ ውስጥ ላለው የጥሪ ቃል፣ ደስ ይላል። በዩኒኮድ ውስጥ ያሉትን የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ፊደላት ለመሸፈን የተሠራ በመሆኑም «ይህ ፊደል የለውም» ብሎ መሐል መንገድ ላይ አይጥላችሁም።

ግን ለመጽሐፍ ገጽ የተሠራ ነው፤ ድክመቱም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንደኛ፣ ያለው አንድ ውፍረት ብቻ ነው፤ ደማቅ የለውም። ርዕስ የሚሠራ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚፈልገው ደማቅ ነው። ሁለተኛ፣ ትልቅ ሆኖ ሲታይ የሚያስፈልገው ዝርዝር አልታሰበለትም። በገጽ ላይ የረጋው ፊደል፣ 1 ሜትር ባነር ላይ ሲወጣ የከሳ ይመስላል፤ የጭረቶቹ ጫፍም ብርዕ ያረፈበት ሳይሆን በመቀስ የተቆረጠ ዓይነት ይሆንብኛል።

የጥንቶቹ ጸሐፍት ይህን ያውቁት ነበር። በጎንደር ዘመን ለታላላቅ የብራና መጻሕፍት የዋለው ትልቁ ጽሕፈት «ጉልሕ» ይባላል፤ ደቃቁ ደግሞ «ረቂቅ»። ሁለቱ የአንድ ፊደል ትልቅና ትንሽ ቅጂ አይደሉም፤ ለየራሳቸው መጠን የተጻፉ ሁለት እጆች ናቸው። ዛሬ እኛ የምናደርገው ለንባብ የተሠራውን ፊደል በመዳፊት ጎትቶ ጉልሕ ማድረግ ነው። አቢሲኒካ ጉልሕ የለውም፤ ከሱ የሚጎድለው ዋናው ነገር በአጭሩ ይሄ ነው።

አማራጮቹስ? በዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 የመጣው ኒያላ የብርዕ ዘዬ አለው፤ ግን እሱም ባለ አንድ ውፍረት ነው። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ በተቃራኒው ከስስ እስከ በጣም ወፍራም 9 ደረጃ አለው፤ ለሥራ አስተማማኝ ነው። መልኩ ግን የማተሚያ ፊደል እንጂ የእጅ ጽሕፈት አይደለም። ውፍረት ያለው ዘዬ የለውም፤ ዘዬ ያለው ውፍረት የለውም።

ነዳፊዎች ሰነፉ ማለቴ አይደለም። ለእንግሊዝኛ ጥምዝ ፊደል የሚነድፍ ሰው 26 ትንንሽና 26 ትልልቅ ፊደላት ይዞ ይነሳል። ለአማርኛ 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ ገና አልተቆጠሩም። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ውፍረት ይህን ሁሉ ደግሞ መሣል አለበት።

በግድ ማወፈርና በግድ ማጋደም

ደማቅ ከሌለ ሰው ምን ያደርጋል? የማድመቂያዋን ቁልፍ ይጫናል። ፕሮግራሙም ያለውን መስመር በሁሉም አቅጣጫ እኩል ያሳብጠዋል። ቀመራችን እዚህ ላይ ይፈርሳል፤ ምክንያቱም ብርዕ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይወፍርም። ከዚህ የከፋው ግን የኃምስ ቀለበት ላይ የሚደርሰው ነው። የቀለበቷ ቀዳዳ 0.3 ሚሊሜትር ቢሆንና መስመሩ በየአቅጣጫው 0.1 ቢያብጥ፣ ቀዳዳዋ 0.1 ብቻ ይቀራታል። ቀለም ትንሽ ሲፈስባት ትደፈናለች፤ ሌ ወፍራም እግር ያላት ሊ ትመስላለች።

እንግዲህ አደጋው ከሁለት ወገን ነው። ብታቀጥኑት ካዕብ ወደ ግዕዝ ይመለሳል፤ ብታወፍሩት ኃምስ ወደ ሣልስ ይጠጋል። ለክብር ጽሑፍ የሚሆን የአማርኛ ፎንት መንደፍ ማለት በእነዚህ ሁለት ገደቦች መካከል ያለውን ጠባብ መንገድ ማግኘት ማለት ነው። ብርዕ መንገዱን በተፈጥሮው ያገኘዋል፤ ኮምፒውተር ላይ ግን አስበን ማስቀመጥ አለብን።

ማጋደሙም የባሰ እንጂ የተሻለ አይደለም። ፕሮግራሙ ፊደሉን ወደ ቀኝ ሲገፋው ቋሚው ይዘማል፣ አግድሙ ጭረት ግን እንደተጋደመ ይቀራል። አንድ እጅ በአንድ ማዕዘን የጻፈው መሆኑ ይቀርና ነፋስ የገፋው አጥር ይመስላል። በዚያ ላይ ሳድስን ከግዕዝ የምንለየው ብዙ ጊዜ በእግር ወይም በአናት መታጠፍ ነው፤ ሁሉም ነገር ሲዘም ያ መታጠፍ ጎልቶ አይወጣም። በብራና ልማድ አንድን ስም ለማክበር ፊደሉን አያጋድሙትም፤ በቀይ ቀለም ይጽፉታል። ቀይ ቀለም የጭረቷን ውፍረት አይነካም፤ ዛሬም ማንኛውም ማተሚያ ቤት ሊያደርገው ይችላል።

«አውዱ ያስረዳል» ለሚሉ

ይህን ስል የሚነሳ ተገቢ ጥያቄ አለ፤ «ርዕስ ትልቅ ነው፣ ሰው ደግሞ ከአውዱ ይረዳል፤ ማን ነው ‹ሠርግ›ን ሌላ አድርጎ የሚያነበው?» የሚል። ለአረፍተ ነገር እውነት ነው። «በክብር ጠርተናችኋል» ውስጥ የኋ የእግር መስመር ብትሳሳ እንኳ ማንም አይሳሳትም። ግን የክብር ጽሑፍ በአብዛኛው ምን ላይ ይውላል? ስም ላይ፣ ቦታ ላይ፣ ቀን ላይ። እነዚህ ደግሞ አውድ የሌላቸው ናቸው። ከ«አቶ» ወይም ከ«ወይዘሪት» ሌላ በለጠን ከበለጡ የሚለይ ቃል ዲፕሎማ ላይ የለም፤ እሱም ሁልጊዜ አይጻፍም። የምናስጌጠው እንዲያው መሳሳት የሌለብንን ቃል መርጠን ነው።

የሰፈር ፈተና

ማተሚያ ቤት ሄዳችሁ ናሙና ስትጠይቁ «ንፋስ ስልክ ላፍቶ» ተብሎ ከተጻፈላችሁ አትሸወዱ። ይህ ስም 9 ፊደል አለው፤ አንድም ካዕብ፣ አንድም ሣልስ፣ አንድም ኃምስ የለበትም። «ጀሞ»ም እንደዚያው። በየትኛውም የሳሳ ፎንት ብትጽፏቸው ያምራሉ፤ የሚጠፋ ጭረት የላቸውምና። እዚሁ ክፍለ ከተማችን ውስጥ ለፈተና የሚሆኑ ሌሎች ስሞች አሉ፦

ለቡ፦ የካዕብ ጭረት። ጠፍታ «ለበ» ትመስላለች ወይ?

መካኒሳ፦ የኒ የእግር ጭረት። በግልጽ ትታያለች ወይ?

ሃይሌ ጋርመንት፦ የሌ ቀለበት። ቀዳዳዋ ክፍት ነው ወይስ ተደፍኗል?

በእነዚህ ላይ በለጠ እና በለጡን ጨምሩ። በምትፈልጉት ፎንትና በሚታተመው ልክ አትሙት፣ ፎቶኮፒ አንሱት፣ ኮፒውን ደግሞ ኮፒ አድርጉት። ከዚያ ጉዳዩን የማያውቅ ሰው ጮክ ብሎ እንዲያነበው ስጡት። 10 ደቂቃ አይፈጅም። አቢሲኒካን ሳይወፈርና ሳይጋደም ብትፈትኑት ይወድቃል ብዬ አልጠብቅም፤ ማድመቂያዋን ተጭናችሁ ከፈተናችሁት ግን በሃይሌ ቀለበት ላይ አተኩሩ።

ስለዚህ ብይኔ እንዲህ ነው። ዛሬ ካርድ ወይም ዲፕሎማ የምታሳትሙ ከሆነ አቢሲኒካን ተጠቀሙ፤ ግን እንዳለ ተጠቀሙት። ማጉላት ከፈለጋችሁ መጠኑን ጨምሩ ወይም ቀለም ቀይሩ እንጂ አታድምቁት፣ አታጋድሙት። በወርቅ ፎይል የሚታተም ከሆነ ፊደሉን ከወትሮው ከፍ አድርጉት፤ ፎይል ቀጭን መስመር ላይ ይቆራረጣል፣ ጠባብ ቀዳዳ ላይ ደግሞ ይደፍናል። የውጪውን ባነር በተመለከተ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለዚያ መጠን አይመጥንም፣ ኖቶ ሰሪፍ ይሻላችኋል።

ለዲዛይን ተማሪዎችና ለሙያ አጋሮቼ ደግሞ ሌላ ነገር አለኝ። አቢሲኒካ የተለቀቀው በክፍት የፎንት ፈቃድ ነው። ማንም ሰው ወስዶ፣ ለውጦ፣ በሌላ ስምና በዚያው ፈቃድ መልሶ ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ ጉልሑን ለመሥራት ከዜሮ መነሳት አያስፈልግም። አግድሙ ከቋሚው ሲሶ እንዳያንስ፣ የካዕብ ጭረት ከቋሚው ውፍረት እንዳታጥር፣ የኃምስ ቀዳዳ ከቀለበቷ መስመር እንዳይጠብ አድርጎ የሚጀምር ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል። ሦስቱም በማስመሪያ የሚለኩ ናቸው። ከ231ዱ ውስጥም ቅድሚያ መስጠት የሚገባው ለካዕብ፣ ለሣልስና ለኃምስ ነው፤ 33 በ3፣ 99 ፊደል። የአንድ ሴሚስተር የመመረቂያ ፕሮጀክት ይወጣዋል።